ለንባብ የሚቆረጥ የዕለት ድርሻ

በአዲስ አበባ ከደምበል ወደ ወሎ ሰፈር የሚወርድ ሰው ኦሎምፒያን ሳይረግጥ አያልፍም። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ባንኩ፣ ክሊኒኩ፣ የጉዞ ወኪሉና ካፌው ሠራተኞቻቸውን መቀበል ይጀምራሉ። ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን እነዚያው ሰዎች ወደ ገርጂ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ ጀሞ የሚያደርሳቸውን ታክሲና አውቶቡስ ፍለጋ አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ። ከእነርሱ አንዱን «በቅርቡ ምን መጽሐፍ አነበብክ?» ብሎ የሚጠይቀው ቢገኝ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ኧረ ጊዜው የት አለ!»

መልሱ እውነት ነው። ቀኑን በሥራ፣ ማለዳና ማታውን በመንገድ የሚያሳልፍ፣ ቤት ሲገባ ልጅ የሚያስጠና፣ ቅዳሜ ሠርግና ለቅሶ፣ እሑድ ዕድርና ዘመድ የሚጠብቀው ሰው ጊዜ የለኝም ቢል የሚያስወቅሰው ነገር የለም። ይህ ዲስኩርም ሊወቅሰው አልተዘጋጀም። የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በዚህ አገር መጽሐፍ መቼ ነው ትርፍ ጊዜ ተጠብቆለት የተነበበው?

ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ሰው እዚሁ ሰፈር አለ። በኦሎምፒያና በአካባቢዋ ባሉት ፎቆች መግቢያ ላይ ሌሊቱን የሚያድሩ የጥበቃ ሠራተኞች አሉ። ሊነጋጋ ሲል በር ላይ ብርሃን ፈልገው፣ ጠርዙ ያለቀ ዳዊት ዘርግተው የሚደግሙትን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙር ነው። በአንድ መቀመጫ ልጨርሰው ለሚል ሠራተኛ ከባድ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ለሳምንቱ አከፋፈሉት፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ለጸሎተ ነቢያት ተተወ። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ከሰኞ እስከ እሑድ የየዕለት ክፍል አለው። በዚህ ሥርዓት የሚመራ ሰው መጽሐፉን በዓመት ብዙ ጊዜ ይዘልቀዋል፤ ጊዜ አገኛለሁ አላገኝም ብሎ ግን አይጨነቅም። ማክሰኞ ከመጣ የማክሰኞው አለ።

የሙስሊሙም ቤት ተመሳሳይ ጥበብ አለው። 114 ሱራዎች ያሉት ቅዱስ ቁርኣን በ30 ጁዝ ተከፍሏል፤ በቀን አንድ ጁዝ የሚቀራ ሰው በወር ያኸትመዋል። በረመዳን ደግሞ በብዙ መስጊዶች የተራዊሕ ሶላት ላይ ሌሊት በሌሊት አንድ ጁዝ እየተቀራ ወሩ ሲያልቅ ቁርኣኑም ያልቃል። ይህን የሚያደርጉት ሱቅ የሚከፍቱ፣ መኪና የሚነዱ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቀኑን የጾሙ ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ክፍፍሎች የተበጁት ከእርሻ፣ ከንግድ፣ ከከብትና ከጓዳ ጋር ለሚታገል ሕዝብ ነው። አንባቢው ሥራ ፈት ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። መጽሐፉ ተቆራርሶ በየዕለቱ ድርሻ ተመደበለት፤ ድርሻውም የታወቀ ሰዓት ተሰጠው። የዘመኑ አንባቢ ከልብ ወለድ፣ ከታሪክ፣ ከሳይንስና ከሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ጋር የተራራቀው ይህንኑ የድርሻ ሥርዓት ለእነርሱ ስላላዋለላቸው ነው። ለዓለማዊ መጽሐፍ የሚሰጠው ጊዜ «ሲመቸኝ» የሚባለው ነው። ያ ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አይመጣም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ሰው ውፍረቱን አይቶ ለጡረታ ጊዜ ያቆየዋል። በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ሰው ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ሠርግና ለቅሶ እንዳለ ተቆጥሮ ከሳምንቱ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ቢተው እንኳ፣ በቀን 10 ገጽ በሳምንት 60፣ በዓመት ከ3,100 ገጽ ይበልጣል። መካከለኛ የአማርኛ መጽሐፍ 250 ገጽ ቢሆን ይህ በዓመት 12 መጻሕፍት ነው። 10 ገጽ ለማንበብ ለአንዱ 15፣ ለሌላው 25 ደቂቃ ይፈጃል። ከኦሎምፒያ አስፋልት ዳር ታክሲ ሲጠበቅ የሚጠፋው ጊዜ ብቻውን ብዙ ቀን ከዚህ ይበልጣል።

አንድ ሰው መጽሐፍ ለማንበብ ምን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል ለማወቅ የነቢይ መኮንንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ገጣሚው፣ ጸሐፌ ተውኔቱና የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረው ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ነበር። እስረኞቹ እጅ የገባው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችው፣ ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው ስለ አገሯ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እንግሊዝኛ የማይችሉት ደግሞ ታሪኩን በአማርኛ መስማት ፈለጉ። ነቢይም መተርጎም ጀመረ።

ወረቀት አልነበረም። የነበረው እስረኞች አጭሰው የሚጥሉት የሲጋራ ፓኬት ውስጠኛ ወረቀት ነው። ነቢይ ያንን እየዘረጋ፣ እያለሰለሰ፣ በደቃቅ ጽሕፈት ተረጎመበት፤ በመጨረሻ ወረቀቶቹ ወደ 3,000 ደረሱ። እየተጠቀለሉ በባዶ ፓኬት ውስጥ ገብተው፣ ከእስር በሚወጡ ሰዎች እጅ ጥቂት በጥቂት ወጡ። እርሱም ከእስር ሲፈታ በየሰዉ እጅ የተበተኑትን መልሶ ሰበሰባቸው። መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ። ነቢይ እ.ኤ.አ. በ2024 ዐረፈ፤ ትርጉሙ ግን ዛሬም ይነበባል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ተርጓሚው ጽናት ነው፤ ይገባዋልም። ሆኖም በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት አንባቢዎችም መታሰብ አለባቸው። ነገ ለምርመራ እጠራ ይሆን በሚል ሥጋት መካከል ተቀምጠው፣ የሲጋራ ወረቀት የሚያህል ትርጉም ጥቂት በጥቂት የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በአንድ ጊዜ የሚደርሳቸው ጥቂት መስመር ነው። በዚያች ጥቂት መስመር ግን ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው ታሪክ ተገፍቶ አለቀ። መጽሐፍ በትንሽ በትንሹ ሲነበብ ፍሬው ይጠፋል፣ ሐሳቡ ይቆራረጣል የሚል ሰው ካለ ማዕከላዊ ይመልስለታል።

ከእስር ቤቱ ውጭም በዚያው ዘመን ትልቅ ነገር እየተደረገ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት መሃይምነትን የማጥፋት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላው አገሪቱ ተጀመረ፤ በሂደትም ትምህርቱ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። ከአብዮቱ በፊት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት ለኢትዮጵያ አስገኘ። የዘመኑን ፖለቲካ በተለያየ መንገድ የሚያስታውሱት ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ተማሪዎቹ ቀን ሲያርሱ፣ ሲፈጩ፣ እንጨት ሲለቅሙ የዋሉ ጎልማሶች ነበሩ። ደብተራቸውን ታቅፈው የሚመጡት ሥራ ሲያልቅ ነው። ብዙዎቹ እናቶች ሕፃን አዝለው ፊደል ቆጥረዋል። ሀ ሁን በዚያ ድካም ውስጥ የተማሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በቦሌ መንገድ ቢሮ አላቸው።

ሥራ የበዛበት ሰው ከማንበብ አልፎ መጻፍም እንደሚችል የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱ ምስክር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መምህር፣ ዐርበኛ፣ በኢጣልያ ለዓመታት የታሰረ ምርኮኛ፣ ዲፕሎማት፣ ሚኒስትርና አምባሳደር ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህን ሁሉ የመንግሥት ሥራ ሲሸከሙ በኖሩ ሰው እጅ ነው። በዓሉ ግርማ ደግሞ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ፣ በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ እየሠራ ከ«ከአድማስ ባሻገር» እስከ «ኦሮማይ» ስድስት ልብ ወለድ ጽፏል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ያመለጡት ቅጂዎች ከቤት ወደ ቤት ተዘዋወሩ። ቅጂውን የተዋሰ ሰው ነገ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው መመለስ ስላለበት በአንድ ሌሊት የሚያነብበት ጊዜ ነበር። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። የዚያ መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2025 ታትሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል።

መጽሐፍን በጆሮ መቀበልም ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ማንበብ የማይችለውም፣ መጽሐፉን መግዛት የማይችለውም ባለ ታሪኮቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ቤቱ ድረስ አገኛቸው። የልብስ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠው፣ ቡና የምታፈላው፣ ሱቅ የሚጠብቀው እጁን ከሥራ ሳያነሣ መጽሐፉን ዘለቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የወጋየሁን ድምፅ ሳይሰማ ያንን መጽሐፍ ማንበብ አይሆንለትም።

ይህን የመሰለ ልማድ በሌላ አገርም ታይቷል። ኩባ ውስጥ የሲጋራ ቅጠል የሚጠቀልሉ ሠራተኞች ከኪሳቸው አዋጥተው አንባቢ መቅጠር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1865 ሐቫና በሚገኘው ኤል ፊጋሮ ፋብሪካ ነው። አንባቢው ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ልብ ወለድ ያነብላቸዋል፤ የሚነበበውንም መጽሐፍ ሠራተኞቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ። የአሌክሳንደር ዱማን ልብ ወለድ በጣም ከመውደዳቸው የተነሣ ከመጽሐፉ የተወሰደው ሞንቴክሪስቶ የሚለው ስም የታወቀ የሲጋራ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ቀኑን ሙሉ በቁራጭ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ሥራቸውን ሳያቆሙ የዘመናቸውን ታላላቅ ደራስያን አወቁ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ መንገድ ሰፍቷል። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «ሸገር ሼልፍ» በሚል ዝግጅት መጻሕፍትን ይተርካል፤ «ተራኪ» የተባለው የስልክ መተግበሪያ የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባል። ከኦሎምፒያ እስከ አያት በሚኒባስ ጋቢና ተጣብቦ ለሚሄድ፣ መብራት ለሌለው፣ ዓይኑ ኮምፒውተር ላይ ሲደክም ለዋለ ሰው ጆሮ ታላቅ ሀብት ነው። ይሁንና ሁሉም መጽሐፍ በጆሮ አይበቃም። የታሪክና የፍልስፍና መጽሐፍ ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ ዳር ላይ እየጻፉ፣ አንድ አንቀጽ ላይ ቆም እያሉ የሚያነቡት ነው። ልብ ወለዱን ለመንገድ፣ ከባዱን መጽሐፍ ለጠረጴዛ የሚመድብ ሰው ሁለቱንም በየቦታቸው ያገኛቸዋል።

እንግዲህ የኦሎምፒያ ሠራተኛ የዕለት ድርሻውን የት ያስቀምጠው?

የመጀመሪያው ቦታ ማለዳ ነው። ስልክ ከመከፈቱ በፊት ያለው ጊዜ የማንም አይደለም፤ አለቃ አይጠራበትም፣ ደንበኛ አይደውልበትም። ትራፊኩን ሸሽቶ በጊዜ የሚወጣ ሰው ብዙ ቀን ቢሮው ደጃፍ የሚደርሰው ከሥራ መግቢያው ቀድሞ ነው። ያ ጊዜ በአሁኑ ልማድ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ ይሄዳል። ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ ያለው ሰው በቡናው አጠገብ 10 ገጹን አንብቦ ወደ ሥራው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ ምንም ይዞ ቢመጣ ድርሻው ተወጥቷል።

ሁለተኛው የምሳ ሰዓት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ እስከ ቦሌ ድልድይ ያለውን መንገድ ሲያድስ የእግረኛውን ስፍራ አስፍቶታል፤ መቀመጫና ዛፍም ጨምሮበታል። ከቢሮ ወጥቶ የሚቀመጡበት ቦታ ማግኘት ከዚህ በፊት በዚህ ሰፈር ቀላል አልነበረም። ምሳውን በፍጥነት የጨረሰ ሰው ቀሪዋን ጊዜ ከሥራ ወሬ አርቆ በመጽሐፍ ቢያሳልፋት ከሰዓት በኋላ ወደ ወንበሩ የሚመለሰው ዐረፍ ብሎ ነው።

ሦስተኛው ማታ ነው፤ እርሱም የሚያስቸግረው ነው። የደከመ ሰው አልጋ ላይ መጽሐፍ ሲዘረጋ ከሁለተኛው ገጽ ሳያልፍ ያንቀላፋል። ማታን የሚመርጥ ሰው ከእራት በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ቢይዝ ይሻለዋል፤ ስልኩንም ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ላይ ቢተወው። ስልኩ እጅ ላይ እያለ የሚነበብ መጽሐፍ በየአንቀጹ ይቋረጣል፤ መልእክቱ ባይመጣም እጅ ራሱ ይፈልገዋል። ትግሉን በፈቃድ ብርታት ለማሸነፍ ከመሞከር ስልኩን ማራቅ ይቀላል።

ለሳምንቱ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከኦሎምፒያ በዚያው በታደሰው መንገድ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው አራት ኪሎ ሲደርስ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የተመረቀውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ያገኛል። 19,000 ካሬ ሜትር ላይ የተሠራው ይህ ሕንፃ በየቀኑ በወጣቶች ይሞላል። ከእርሱ በፊት ለአሥርተ ዓመታት አንባቢን ያሳደገው በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ብዙው ሰው ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በሁለት ሳምንት አንድ የቅዳሜ ጠዋት እዚያ የሚያሳልፍ ሠራተኛ በቀን 10 ገጽ የማይሸከማቸውን ትላልቅ መጻሕፍት ተረጋግቶ ያያል።

ድርሻ ሁሉም እኩል አያገኝም። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ቢሮ ውላ ቤት ስትገባ ሁለተኛ የሥራ ቀን የሚጀምርላት እናት፣ ሰው ቤት የምትሠራ ወጣት፣ በቀን ሁለት ቦታ የሚሠራ የግንባታ ሠራተኛ ያላቸው ጊዜ ከባለ መኪናው ሥራ አስኪያጅ ጊዜ ጋር አይወዳደርም። ሚስቱ ግማሽ ሰዓት የንባብ ጊዜ እንድታገኝ የሚፈልግ ባል ምክር ከመስጠት ይልቅ ሰሐኑን ይጠብ፣ ልጁን ያስተኛ። የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ቤተሰብም ለእርሷ የማታ ትምህርትና የንባብ ሰዓት መስጠትን የውዴታ ጉዳይ አድርጎ ሊያየው አይገባም።

የዋጋው ነገርም አለ። ወረቀትና የማተሚያ ዕቃ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የመጽሐፍ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ንሯል፤ ደመወዝተኛ በየወሩ አዲስ መጽሐፍ ልግዛ ቢል ኪሱ አይፈቅድለትም። የአዲስ አበባ አንባቢ ግን ይህን ችግር ከዛሬ በፊትም ያውቀዋል። በየሰፈሩ መጽሐፍ በኪራይ የሚሰጡ ሱቆች ነበሩ፤ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ ተነብቦ የሚመለስበት ዘመን ነበር። ዛሬም ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ እስከ መርካቶ መጽሐፍ ተራ አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ ይገኛል፤ ክንዳቸው ላይ መጽሐፍ ደርድረው ከካፌ ካፌ የሚዞሩ አዟሪዎችም የቦሌን መንገድ አይለቁም። አንድ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ ገዝተው በየወሩ ቢለዋወጡ፣ ዓመት ሳይሞላ እያንዳንዱ አሥሩንም ያነባል፤ የከፈለው ግን የአንዱን ብቻ ነው።

ስለ ልጆች ሲነሣ የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ቀድሞ ይታወሳል። ነገሌ ቦረና ያደገው ዮሐንስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ ልብ ወለድ እጁ የገባው በ19 ዓመቱ ነው። በስደት አሜሪካ ሄዶ ተምሮ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ሠራ። እዚያ የልዩ ልዩ አገር ልጆች በየቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነሡ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን አጣ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. እዚህ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ ወደ ልጆቹ ሄደ። ሲ ኤን ኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ልጆቹ ጊዜ ነበራቸው፤ ያልነበራቸው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ሲመጣላቸው እየሮጡ መጡ።

ጃፓኖች በዚሁ ላይ አንድ ቀላል ነገር ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ቺባ ውስጥ በሚገኝ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሮሺ ሃያሺ የተባለ መምህር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ የንባብ ጊዜ አስጀመረ። ሕጉ አራት ነው፦ ሁሉም ያነባል፣ መምህሩም ጭምር፤ በየቀኑ ይነበባል፤ መጽሐፉን እያንዳንዱ ራሱ ይመርጣል፤ ከማንበብ በቀር ምንም አይጠየቅም፣ ፈተናም ሪፖርትም የለበትም። ልማዱ ከ20,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገባ። 10 ደቂቃ ለጃፓን ትምህርት ቤት ከበቃ፣ በኦሎምፒያና በቦሌ ላሉት ትምህርት ቤቶችም ይበቃል። የሚጠይቀው በጀት የለም፤ ጠዋት ሰልፍ ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ክፍልና ከልጆቹ እኩል መጽሐፍ የሚገልጥ መምህር ብቻ ነው።

የሃያሺ ሦስተኛ ሕግ ለጎልማሳም ይሠራል። ብዙ ሰው ንባቡን የሚያቆመው ባልወደደው መጽሐፍ ላይ ተጣብቆ ነው። ጓደኛው አነበበው፣ ሁሉም አወራለት ብሎ ገዝቶት 40ኛው ገጽ ላይ የተኛ መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ እርሱ ሳያልቅ ሌላ ለመጀመር ደግሞ ሕሊናው አይፈቅድለትም። መጽሐፉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ የሚወደውን ቢይዝ መልካም ነው። የመርማሪ ታሪክ የሚወድ በመርማሪ ታሪክ ይጀምር፤ የስፖርት ሰው የአትሌቶችን ሕይወት ታሪክ ያንብብ፤ ነጋዴው ስለ ንግድ ያንብብ። ድርሻው ከተለመደ በኋላ አንዱ መጽሐፍ ሌላውን እየጠራ ያመጣል።

የተከበራችሁ ታዳሚያን፣ ለዚህ ሰፈር የሚቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። የሕንፃና የካፌ ባለቤቶች፣ ከመግቢያችሁ አጠገብ ሰው አንሥቶ የሚያነብበትና ያነበበውን የሚተውበት አንድ መደርደሪያ አቁሙ። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችና ወላጆች፣ በመጪው የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ የጠዋቱን 10 ደቂቃ ጀምሩ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዛሬ ቤት ስትገቡ ከመደርደሪያችሁ አንድ መጽሐፍ አውጡ፤ ገጹን ለሳምንቱ ቀናት አካፍሉና የየዕለቱን ድርሻ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የምታነቡበትን ሰዓት ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ የነገውንም ድርሻ ነገውኑ አንብቡት።